ልጄ ወድቃ አታውቅም፤ ታዲያ እንዴት «የሚጥል በሽታ» ይባላል?

የሰሚት እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንደኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር አስተማሪዋ ጠርታኝ «ልጅሽ ክፍል ውስጥ ትፈዛለች፤ ስጠራት አትሰማኝም፤ ዲክቴሽን ሳስጽፍ መሃል መሃል ላይ ቃል እየዘለለች ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ ተቆጣኋት። ቲቪ አብዝተሽ ነው፣ በጊዜ ስለማትተኚ ነው፣ ብዬ። አሁን ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል።

ከዚያ በኋላ እኔም ማየት ጀመርኩ። ምሳ እየበላች ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ ቀጥ ትላለች። ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይቀራል፤ ቆቡ ርግብ ርግብ ይላል። አምስት፣ ቢበዛ አሥር ሰከንድ ነው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ማላመጧን ትቀጥላለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ምንም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ አታውቀውም። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ።

ሐኪም ቤት ሄድን፤ ኢኢጂ የሚባል የአንጎል ኤሌክትሪክ የሚቀዳ ምርመራ አዘዙላት፤ ተነሳች። ወረቀቱ ላይ «ጀነራላይዝድ 3 ኸርዝ ስፓይክ ኤንድ ዌቭ» ይላል። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት ነበር መሰለኝ «ኢፒለፕሲ ነው፣ መድኃኒት ትጀምራለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ» ብሎ ሸኘን። ኢፒለፕሲ ማለት የሚጥል በሽታ ማለት አይደለም እንዴ? ልጄ እኮ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። አረፋ ደፍቃ፣ ተንዘፍዝፋ አታውቅም። ያደግኩበት ሰፈር የሚጥለው ልጅ ነበር፤ እኔ የማውቀው እሱን ነው። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆን? ሌላ ቦታ ላስደግም? እማዬ ደግሞ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ጠበል እንውሰዳት» እያለች ነው። መድኃኒቱን ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ አልጀመርኩላትም። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።

የናቲ እናት፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አይዞሽ። የጻፍሽው ቃል በቃል የኔ ናቲ ነው። እሱን የጀመረው ስድስት ዓመቱ ላይ ነው፤ አሁን አሥር ሞልቶታል። እኛ ቤት አያቱ «ዓይነ ጥላ ነው» አሉ፣ አስተማሪው «ሰነፍ ነው» አለ፣ እኔ በሁለቱ መሃል ቆሜ አንድ ዓመት ሙሉ ባከነ።

ያሳሳተሽ ስሙ ነው። በአማርኛ የሚጥል በሽታ ስለምንለው ካልጣለ የለም ብለን እናስባለን። ኢፒለፕሲ ግን አንድ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ነው። የሚጥል አለ፣ አንድ እጅ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ አለ፣ እንደ ልጆቻችን ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ጭልጥ አድርጎ ወስዶ የሚመልስ አለ። የኛው «አብሰንስ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው የሚጀምረው። በቀን አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ ሊመላለስ ይችላል፤ ስለዚህ አሥራ አንዱ አያስደንግጥሽ።

እኔን ያሳመነኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። የነርቭ ሐኪሙ አንድ ብጣሽ ወረቀት ናቲ ፊት ይዞ «ሻማ እንደምታጠፋ እፍ በል፣ አታቋርጥ» አለው። እፍ፣ እፍ፣ እፍ እያለ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቀጥ አለ። ዓይኑ ፈዘዘ። ሐኪሙ «ሰማያዊ ኳስ» አለው። ሲመለስ «ምን አልኩህ?» ብሎ ጠየቀው፤ ናቲ አልሰማም። ልጄ ሰነፍ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። (ይህን ሐኪም ባለበት እንጂ ቤት እየደጋገምሽ አትሞክሪባት።)

አሁን ደግሞ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ። ከዚያ በፊት አንድ ክሊኒክ ኢኢጂ ሳያነሱ ታሪኩን ብቻ ሰምተው ካርባማዜፒን ጀመሩለት። ባሰበት። በቀን ሃያ የነበረው መቁጠር እስኪያቅተኝ ደረሰ። እኔ ደግሞ ገና አልሠራ ይሆናል ብዬ ሁለት ወር ጠበቅኩ። ካርባማዜፒን መጥፎ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም፤ ለሌላ ዓይነት ጥሩ ነው፣ ወንድሜ እሱን እየወሰደ ነው የሚሠራው። ለአብሰንስ ግን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ሞገድ ዝም ብሎ የሐኪም ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚመርጠው እሱ ነው። የታዘዘልሽ ምንድነው? ስሙን ጻፊልን።

የኛ ሐኪም እንዳስረዳኝ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። አብሰንስ ያለባቸውን 453 ልጆች በሦስት መድኃኒት ከፋፍለው አወዳደሩ። ኢቶሱክሲማይድና ቫልፕሮኤት ከላሞትሪጂን በደንብ በለጡ። ከሁለቱ ደግሞ ኢቶሱክሲማይድ የልጆቹን ትኩረት የነካው ባነሰ መጠን ነው። እኛ እሱን ፈልገን ስላጣን ናቲ ቫልፕሮኤት ጀመረ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ልጄ ተመለሰልኝ። ከቆመለት ሁለት ዓመት አለፈው፤ አሁን ሐኪሙ ቀስ እያለ እየቀነሰለት ነው።

ኢኢጂ ክፍል፦

እኔ ሆስፒታል ውስጥ ኢኢጂ የማነሳ ባለሙያ ነኝ። ውጤቱን የሚያነበው ሐኪም ነው፤ ግን «ማሽኑ ተሳስቶ ይሆን» ላልሽው የማውቀውን ልጻፍ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ማሽኑ ምንም ነገር ወደ ጭንቅላት አይልክም። ይህን የምለው በየቀኑ «ኤሌክትሪክ ልትለቁባት ነው?» ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ ስለማይ ነው። የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጥቃቅን ኤሌክትሪክ ነው፤ እኛ ሃያ አንድ የሚሆኑ ትናንሽ ሽቦዎች ራስ ቆዳ ላይ ለጥፈን እናዳምጣለን። የሚመጣው ምልክት በቮልት ሚሊዮንኛ ነው የሚለካው። ከዚህ ማነስ የተነሳ ልጅቷ ጥርሷን ብትነክስ ወይም ዓይኗን ብታርገበግብ እንኳ መስመሩ ይዘበራረቃል። ስለዚህ ሹሩባ ተሠርታ፣ አናቷ በቅቤ ተቀብቶ የመጣች ልጅ ላይ ሽቦው አይይዝልኝም። ሹሩባው ይፈታ፣ ጸጉሩ በሳሙና ይታጠብ፣ ቅባት አይነካው። ስንት እናት ከሩቅ መጥታ በዚህ ምክንያት ስትመለስ አይቻለሁ። ቀጠሮ ሲሰጥ ይህ ቢነገራቸው ምን ነበረበት?

ይህን ነገር በሰው ላይ መጀመሪያ የቀዳው ሐንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ የና ከተማ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1924። እስኪያሳትመው 1929 ደረሰ፤ ካሳተመውም በኋላ ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። በ1935 ደግሞ ቦስተን ላይ የነበሩ ሐኪሞች እንደ ልጅሽ የሚፈዙ ሰዎችን አንስተው አንድ ዓይነት ቅርጽ አገኙ። ሹል ጫፍ (ስፓይክ)፣ ከኋላው ሰፊ ጉብታ (ዌቭ)፣ እንደገና ሹል፣ እንደገና ጉብታ፤ በሰከንድ ሦስት ጊዜ። ወረቀትሽ ላይ «3 ኸርዝ» የሚለው እሱ ነው። ዘጠና ዓመት አለፈው፤ ቅርጹ ግን ያው ነው።

ስታይው ትለይዋለሽ። የልጅቷ መስመር በሰላም እየሄደ ሳለ ድንገት በሁሉም ሽቦዎች ላይ ባንድ ጊዜ ይነሳል፤ በግራም በቀኝም። አሥር ሰከንድ ሄዶ በቢላ እንደተቆረጠ ያቆማል፤ ከዚያ የቀድሞው መስመር እንዳለ ይቀጥላል። ልጅቷም እንደዚያው ናት፤ ድንገት ትሄዳለች፣ ድንገት ትመለሳለች። አንጎል ውስጥ መሃል ላይ ታላመስ የሚባል ክፍል አለ። እሱና የላይኛው የአንጎል ሽፋን የሚቀባበሉበት መንገድ አለ፤ እንቅልፍ ሲወስደን ምቱን የሚይዘው እሱ ነው። በአብሰንስ ጊዜ ይህ መንገድ ነቅተን ሳለን አንድ ምት ላይ ተይዞ ይቀራል። ልጅቷ ቆማ እያለች የማትሰማው ለዚህ ነው። የናቲ እናት የጠቀሰችው ኢቶሱክሲማይድ የሚሠራውም እዚያ ምቱ የሚነሳበት ላይ ነው።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው። ወረቀት ብቻውን በሽታ አይደለም። ምንም ሳይኖርባቸው ኢኢጂያቸው ላይ ስፓይክ የሚታይ ጤነኛ ልጆች አሉ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። በተቃራኒው ደግሞ ኢፒለፕሲ ኖሮበት የግማሽ ሰዓቱ ኢኢጂ ንጹህ የሚወጣ ልጅ ብዙ ነው። የልጅ አንጎል መስመር በራሱም ከትልቅ ሰው ይለያል። ዓይን ሲጨፈን ከኋላ በኩል የሚታየው ምት አንድ ዓመት ላይ በሰከንድ 5 ወይም 6 ነው፣ ሦስት ዓመት ላይ ወደ 8 ይደርሳል፣ ሲያድግ ወደ 10 ይጠጋል። የልጅን መስመር እንደ አዋቂ ያነበበ ሰው ጤነኛውን «ቀርፋፋ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ የልጆችን ኢኢጂ የለመደ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው።

ያንቺ ግን፣ የነገርሽን ታሪክና የወረቀቱ ቅርጽ እጅና ጓንት ናቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ማሽኑ ተሳስቶ ነው ለማለት ግን ይከብደኛል። ሌላ ገንዘብ አውጥተሽ ከማስደገምሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ሲይዛት በስልክሽ ቅረጪና ሐኪሙን አሳዪው። አሥር ሰከንድ ቪዲዮ ስንት ጥያቄ ይመልሳል መሰለሽ።

ከጎንደር፦

እህቴ፣ እኔ መድኃኒቱን አትቸኩዪ ባይ ነኝ። የአጎቴ ልጅ ፌኖባርቢታል ተሰጥቶት ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ነበር የሚውለው፤ ትምህርቱንም አቆመ። ጠበል ሄዶ ነው የተሻለው። ልጅን በኪኒን ማደንዘዝ ያሳዝናል። ክፉ አልመኝላትም፤ ያየሁትን ነው።

የናቲ እናት፦

ወንድሜ፣ ያየኸውን አልክድም፤ ፌኖ ያንቀላፋል፣ እውነት ነው። ግን ፌኖ ለአብሰንስ የሚሆን መድኃኒትም አይደለም፤ ለእሷ የታዘዘውም እሱ ላይሆን ይችላል። እኔም ጠበል እሄዳለሁ፤ ናቲን ስንት ጊዜ አስጠምቄዋለሁ። መድኃኒቱን በቦርሳዬ ይዤ ነው የምሄደው፤ ጠዋትና ማታ ሰዓቱ ሲደርስ እሰጠዋለሁ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አደገኛው ጀምሮ በድንገት ማቋረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ያልነበረ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። አንቺም እህቴ፣ ልጄ ደነዘዘችብኝ ካልሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ መጠኑን ያስተካክላል ወይም ይቀይራል።

ጡረተኛዋ ነርስ፦

ልጄ፣ እኔ ረጅም ዘመን ነርስ ሆኜ የሠራሁት ገጠር ነው። «ለማንም አትናገሪ» የሚለው ነገር ልቤን ነካው። እናትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ እኛ ያደግነው «ሲጥለው የነካው ይጋባበታል» እየተባለ ነው። በዚህ የተነሳ ምድጃ ላይ የወደቀን ልጅ የሚያነሳ ጠፍቶ ሲቃጠል ደርሼ አክሜአለሁ። ክብሪት ጭረው አፍንጫው ላይ ይይዙበታል፤ ጭሱ ምንም አያደርግለትም። አይጋባም። በትንፋሽም፣ በምራቅም፣ በመንካትም አይጋባም።

ብርቅም አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ሥራ ከአንድ ሺህ ሰው 5.2 ላይ ኢፒለፕሲ አግኝቷል። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ በዚህ ሂሳብ ስንት ልጅ እንዳለ አስቢው። የማናያቸው ሁሉም ስለሚደብቅ ነው። ኬር ኢፒለፕሲ ኢትዮጵያ የሚባል ማኅበርም አለ፤ ስለ በሽታው የሚያስተምሩት እንዲህ ያለው ወሬ እንዲቆም ብለው ነው።

ለአስተማሪዋ ግን የግድ ንገሪያት። ለልጅቷም በሚገባት ቋንቋ ንገሪያት። መዋኛና ገንዳ ውስጥ ብቻዋን አትተያት፣ መንገድ እጇን ይዘሽ አሻግሪያት፣ ከምድጃና ከፈላ ውኃ አርቂያት። አሥር ሰከንድ እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ነው። ምናልባት አንድ ቀን ቢጥላት፣ አይበለውና፣ በጎኗ አስተኚያት፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጊ፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቺ፣ ሰዓት ተመልከቺ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የኔ ልጅ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ልጨምር፤ ምናልባት ሌላ የሚያነብ ወላጅ ይጠቅመዋል። ስምንት ዓመቱ ላይ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ተነስቶ መጥቶ ቆመብን። የፊቱ ግማሽ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጩ ይወርዳል፣ ይሰማናል ግን መናገር አቃተው። ስትሮክ መስሎን አምቡላንስ ጠራን። ቀን የተነሳው ኢኢጂ ምንም አላሳየም። ሐኪሟ «እንቅልፍ አሳጥታችሁ አምጡት» አለችን፤ እስከ እኩለ ሌሊት ፊልም አሳይተን፣ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ቀስቅሰን ወሰድነው። ማሽኑ ላይ እንዳለ ድብን ብሎ ተኛ። ያን ጊዜ ነው ከጆሮ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ስፓይኩ ዘነበ። ነቅቶ ሳለ የሌለው፣ ሲተኛ የሚበዛ ነው። ሮላንዲክ ይሉታል። ልጆቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጉርምስና ላይ ይተዋቸዋል። የኛ ያለ መድኃኒት በክትትል ቆይቶ 14 ዓመቱ ላይ ቆመ። ኢኢጂው ንጹህ ነው ተብላችሁ ከተመለሳችሁ «በእንቅልፍ ይነሳ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሐዋሳ፦

ይቅርታ በሰው ጥያቄ ላይ ልግባ። የኔ ልጅ ስድስት ወሩ ነው። ከእንቅልፍ ሲነቃ እጁን ድንገት ይዘረጋና አንገቱን ወደ ፊት ይሰብራል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ እንደገና፣ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይደጋግመዋል። ከዚያ ያለቅሳል። ጎረቤቶች ቁርጠት ነው አሉኝ። ሳቁንም ቀንሷል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ኢኢጂ ክፍል፦

እህቴ ሆይ፣ ቪዲዮ ቅረጪና ዛሬውኑ የሕፃናት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሂጂ። ነገ አትበይ። ቁርጠት ከሆነ ሐኪሙ ይነግርሽና ትመለሻለሽ። ግን የገለጽሽው የሕፃናት ስፓዝም ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1841 ዊልያም ዌስት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት የጻፈው ደብዳቤ ስለዚሁ ነው፤ የጻፈውም ስለ ራሱ ልጅ ነው። ኢኢጂው ላይ መስመሩ ሁሉ የተተራመሰ ሆኖ ይታያል፤ ሥርዓት የለውም። ይህ ከአብሰንስ ፈጽሞ ይለያል፤ በቶሎ ካልታከመ የልጁን ዕድገት ይጎዳል። ሕክምናው አለ፤ በቀናት ውስጥ መጀመሩ ለውጥ ያመጣል። ስትመለሺ ጻፊልን፣ እጠብቃለሁ።

የሰሚት እናት፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ያኔ አንብቤ አንብቤ ጠዋት ላይ ነው የተኛሁት። ቪዲዮ ቀረጽኩ፤ ቁርስ ላይ ዳቦ ይዛ ቀጥ ስትል። ሐኪሙ አይቶ ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ በዚህ ጊዜ ተቀምጦ አስረዳኝ። መድኃኒቷ ቫልፕሮኤት ነው። ሴት ልጅ ስለሆነች ስታድግና ለመውለድ ዕድሜ ስትደርስ ለጽንስ ስለማይሆን እንደገና እንደምንነጋገርበት ነገረኝ፤ ይህን ቀድሞ መናገሩን ወድጄለታለሁ።

እማዬን ወስጄ ሐኪሙ ፊት አስቀመጥኳት። እፍ በይ ሲላትና ልጅቷ ስትፈዝ አይታ ዝም አለች። ከወጣን በኋላ «እኔም እኮ ልጅ ሆኜ ትፈዣለሽ እያሉ ይመቱኝ ነበር» አለችኝ። የእሷ ያው ይሁን አይሁን እንጃ፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረችውም።

አስተማሪዋ ደግሞ አሁን ዲክቴሽን ስትሰጥ ትከሻዋን ነካ አድርጋ ቃሉን ትደግምላታለች። ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሦስት። ትናንት ቀኑን ሙሉ ምንም አላየሁም። የሐዋሳዋ እህቴ፣ ልጅሽ እንዴት ነው? የናቲ እናት፣ የደም ምርመራ በስንት ጊዜው ነበር የሚያዙላችሁ?

የናቲ እናት፦

እልልልል! ሲጀመር የጉበትና የደም ቆጠራ አስነስተውን ነበር፤ ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋገሙት። ያንቺን ሐኪም ቀኑን አስቆርጪው። ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ምግብ እምቢ ካለች፣ ከወትሮው ውጪ ከተኛች ወይም ሰውነቷ ያለ ምክንያት ከበለዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ይዘሻት ሂጂ።